ሮበርት ሀንጌትና የከብት ጨጓራ ምሥጢር

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

ተማሪዎች! ከዚህ በታች የቀረበላችሁ ምንባብ የአንድ ሳይንቲስት የሕይወት ታሪክ ነው። ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቃል ተወያዩ። ላም ወይም በሬ ተኝቶ ሲያመሰኳ ተመልክታችሁ ታውቃላችሁን? ሰው ጭድ በልቶ ሊኖር አይችልም፤ ከብት ግን በጭድ ይኖራል። ይህ ለምን ይመስላችኋል? በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም ልብ በሉ።

ለ. ምንባብ

በአዳማ ከተማ ወይም በአካባቢዋ የምትኖሩ ተማሪዎች በገበያ ቀን ወደ ከብት ተራው ብቅ ብትሉ፣ ከአርሲ ደጋ፣ ከቦረናና ከከረዩ ቆላ የመጡ በሬዎችና ወይፈኖች ታያላችሁ። በስምጥ ሸለቆው መንገድ ወደ ሞጆ፣ ወደ መቂና ወደ ባቱ ብትጓዙም የጭድ ክምር፣ ጭድ የጫነ ጋሪና በግራር ጥላ ሥር ተኝቶ የሚያመሰኳ ከብት ከዓይናችሁ አይጠፋም። ያን ከብት ቀረብ ብላችሁ ብታስተውሉት በየጊዜው አንገቱን ሰገግ አድርጎ ያገሳል። እረኛው ይህን ግሳት ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚሰማው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ነገር ግን በዚያ ግሳት ውስጥ ከከብቱ አፍ ወጥቶ ወደ አየር የሚሄድ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ አለ። ስሙም ሚቴን ይባላል። ይህ ጋዝ በከብቱ ጨጓራ ውስጥ በማን፣ ከምንና እንዴት እንደሚሠራ እንድናውቅ ካደረጉን ሰዎች መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሰው ሮበርት ሀንጌት ነው። የሕይወት ታሪኩንም እንደሚከተለው እናቀርብላችኋለን።

ሮበርት ኤድዋርድ ሀንጌት በ1906 በሰሜን አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ ቼኒ በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደ። ይህችን ዋሽንግተን ከአሜሪካ ዋና ከተማ ጋር ማምታታት አይገባችሁም፤ እርሷ በአገሪቱ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ ግዛት ናት። ሀንጌት የከፍተኛ ትምህርቱን የተከታተለው በካሊፎርኒያ ግዛት በሚገኘው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በዚያም ሕይወቱን የለወጠ አንድ መምህር አጋጠመው። ይህ መምህር ኮርኔሊስ ቫን ኒል ይባላል። ቫን ኒል በ1929 ከኔዘርላንድስ መጥቶ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር በነበረው የዩኒቨርሲቲው የምርምር ጣቢያ ማስተማር የጀመረ የረቂቅ ሕዋሳት ሊቅ ነበር። ከመጣበት አገር ይዞት የመጣው የትምህርት ፈለግም ረቂቅ ሕዋስን በስምና በመልክ ብቻ ከመለየት አልፎ፣ ምን እንደሚመገብ፣ ምን እንደሚያስወጣና በሚኖርበት ሥፍራ ምን ሥራ እንደሚሠራ መጠየቅን የሚያዝ ነበር። ሀንጌትም የቫን ኒል የመጀመሪያው የዶክትሬት ተማሪ ለመሆን በቃ።

ወጣቱ ተመራማሪ ለዶክትሬት ጥናቱ የመረጠው እንስሳ በሬ ወይም ላም አልነበረም፤ ምስጥ ነበር። እናንተም እንደምታውቁት ምስጥ የቤት ምሰሶና የአጥር እንጨት ይበላል። እንጨት ግን ሴሉሎስ ከሚባል ጠንካራ ነገር የተሠራ በመሆኑ አብዛኞቹ እንስሳት በራሳቸው ኃይል ሊፈጩት አይችሉም። ሀንጌት ባጠናው የምስጥ ዝርያ አንጀት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ይኖራሉ፤ እንጨቱን የሚፈጩት እነርሱ ናቸው። ምስጡም እነርሱ ፈጭተው የሚያስወጡትን አሲድ ስቦ ይኖርበታል። በአጭሩ ምስጡ ቤቱን ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም ቀለቡን ያዘጋጁለታል። ሀንጌት ይህን ጥናት ፈጽሞ በ1935 የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ።

በዚያው ዓመት በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ሥራ አግኝቶ ወደ ደቡብ አቀና። ቴክሳስ የከብት አገር ናት። ሀንጌትም በምስጥ አንጀት ያየው ነገር በከብት ጨጓራ ውስጥ እጅግ በሰፋ መጠን እንደሚገኝ በማስተዋል ፊቱን ወደ ከብት አዞረ።

እዚህ ላይ የከብትን ጨጓራ አሠራር በጥቂቱ መረዳት ያስፈልጋችኋል። የሚያመሰኩ እንስሳት፣ ማለትም ከብት፣ በግና ፍየል፣ አራት ክፍል ያለው ሆድ አላቸው። ከአራቱ ትልቁና የመጀመሪያው በሳይንስ ሩመን ይባላል። ይህ ክፍል በትልቅ ላም ውስጥ 100 ሊትርና ከዚያም በላይ ይይዛል። ላሟ የበላችው ሣር ወይም ጭድ በዚህ በርሜል መሰል ክፍል ውስጥ ሞቅ ባለ ፈሳሽ ተዘፍዝፎ ይብላላል። የሚያብላሉትም ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው። ከዚያ ፈሳሽ አንዲት ጠብታ ብትወሰድ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይገኙባታል። እነዚህ ሕዋሳት ጭዱን ወደ ልዩ ልዩ አሲዶች ይለውጡታል፤ ላሟም አሲዶቹን በጨጓራዋ ግድግዳ ስባ ወደ ጉልበት፣ ወደ ሥጋና ወደ ወተት ትቀይራቸዋለች። ስለዚህ ከብት አርቢ ላሙን የሚቀልብ ቢመስለውም፣ በቅድሚያ የሚቀልበው በጨጓራዋ ውስጥ ያለውን የረቂቅ ሕዋሳት ሠራዊት ነው።

ይህን ሠራዊት ለመመርመር ግን አንድ ትልቅ እንቅፋት ነበር። የጨጓራ ሕዋሳት የሚኖሩት ኦክስጅን በሌለበት ሥፍራ ነው። እኛን በሕይወት የሚያኖረን አየር ለእነርሱ መርዝ ነው። ተመራማሪዎች ከከብት ጨጓራ ፈሳሽ ቀድተው እንደተለመደው በክፍት ሳህን ላይ ለማራባት ሲሞክሩ ዋነኞቹ ሕዋሳት ወዲያው ይሞታሉ። ተርፈው የሚራቡት አየርን የሚቋቋሙት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። ከዚህም የተነሣ በሳህኑ ላይ የሚታየው በጨጓራው ውስጥ ያለውን አይወክልም ነበር። ይህ ሁኔታ በሌሊት ገበያ ሄዶ ያገኛቸውን ሁለት ዘበኞች የገበያው ነጋዴዎች ናቸው ብሎ እንደሚመዘግብ ሰው ያለ ስሕተት ላይ ይጥላል።

ሀንጌት በ1944 ከከብት ጨጓራ ሴሉሎስን የሚፈጭ አንድ ባክቴሪያ ለይቶ ማሳደጉን በጽሑፍ አስታወቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚህ ረክቶ ምሥጢሩ ተፈታ ባለ ነበር። እርሱ ግን ቁጥሩን መረመረ። ያገኘው ባክቴሪያ በጨጓራው ውስጥ ያለው ብዛት ላሟ በየቀኑ የምትበላውን ያን ሁሉ ሣር ለመፍጨት የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ እውነተኞቹ ሠራተኞች ገና አልተገኙም ማለት ነው። ተማሪዎች፣ የዚህን ሰው ታላቅነት ከዚህ ላይ ተመልከቱ። በገዛ ግኝቱ ላይ ጥያቄ አንሥቶ ፍለጋውን እንደገና ጀመረ።

ፍለጋውን እንዲቀጥል የረዳው ራሱ ያዘጋጀው ዘዴ ነው። ዘዴው በሐሳቡ ቀላል፣ በአሠራሩ ግን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። በመጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋለ መዳብ መካከል እንዲያልፍ ይደረጋል፤ መዳቡም በጋዙ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ኦክስጅን ይይዛታል። ይህ የጠራ ጋዝ ወደ ብርጭቆ ቱቦ ሲገባ አየሩን አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። በቱቦው ውስጥ ለሕዋሳቱ የሚስማማ ምግብ ከቀለጠ አጋር ጋር ተደባልቆ ይቀመጣል፤ አጋር ሲቀዘቅዝ እንደ ሙጫ የሚረጋ ነገር ነው። በመቀጠል እጅግ ተበርዞ የቀጠነ የጨጓራ ፈሳሽ ይጨመርበትና ቱቦው በጎማ ውታፍ ይዘጋል። በመጨረሻም ቱቦው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተጋድሞ ሲሽከረከር አጋሩ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ እንደ ስስ ልባስ ተዳርሶ ይረጋል። ከቀናት በኋላ እያንዳንዱ ሕዋስ ተራብቶ ነጥብ የመሰለ መንደር ይመሠርታል። ተመራማሪውም መንደሮቹን ይቆጥራል፣ ይለያል፣ ያጠናል። ሀንጌት ይህን ዘዴ በ1950 ባወጣው ሰፊ ጽሑፍ አብራርቶ ገለጸው። ዘዴው ኦክስጅን የሚገድላቸውን ሕዋሳት በሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ዘንድ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል።

ከ1945 እስከ 1956 በትውልድ ግዛቱ በሚገኘው በዋሽንግተን ስቴት ኮሌጅ ባስተማረባቸው ዓመታት፣ በዚህ ዘዴ እየተጠቀመ በጨጓራ ውስጥ ሣርንና ጭድን የሚፈጩትን ዋና ዋና ባክቴሪያዎች ለይቶ አወጣ። በዚህ ጊዜ የሕዋሳቱ ብዛትና የሚሠሩት ሥራ ተመጣጠነ፤ የሒሳቡ ሚዛን ልክ መጣለት።

በ1956 ወደ ካሊፎርኒያ ተመልሶ በዴቪስ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ቀጠለ። በዚህም ሥፍራ የግሳቱ ምሥጢር ይበልጥ ተገለጠ። በ1958 ከፖል ስሚዝ ጋር በመሆን በከብት ጨጓራ ውስጥ ሚቴን የሚሠራውን ረቂቅ ሕዋስ ለይቶ ማሳደጉን አሳወቀ። ይህ ሕዋስ ጭድ አይፈጭም። የሚኖረው ሌሎቹ ሕዋሳት ጭዱን ሲፈጩ በሚያስወጡት ሃይድሮጅን ነው። ሃይድሮጅኑን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ያዋሕድና ሚቴን ያደርገዋል። ሀንጌት በ1967 ባወጣው ጥናት ደግሞ ሃይድሮጅን በጨጓራው ውስጥ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው የሚተላለፍ መገናኛ መሆኑን አስረዳ። ሃይድሮጅኑ ከተከማቸ የመፍጨቱ ሥራ ይሰናከላል፤ ሚቴን ሠሪው ግን ወዲያው ወዲያው ስለሚያነሣው ሥራው ይቀጥላል። ስለዚህ ሚቴን ሠሪው ለጨጓራው ጠራጊ ሆኖ ያገለግላል። ለጥርጊያው የሚከፈለው ዋጋ ግን ቀላል አይደለም። ከብቱ ከሚበላው መኖ ኃይል ውስጥ ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው በሚቴን መልክ ወደ አየር ይወጣል።

የሀንጌት ሥራ በአሜሪካ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከምሥራቅ አፍሪካ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ የዱር እንስሳትን ጨጓራ መርምሯል፤ ሻኛ ያለውን የእኛን ዓይነት ከብት ከአውሮፓ ከብት ጋር አወዳድሯል። በ1966 ደግሞ የሕይወቱን ጥናት አጠቃሎ ስለ ሩመንና ስለ ሕዋሳቱ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ለተነሡት የእንስሳት አመጋገብ ተመራማሪዎች መሠረታዊ መማሪያ ሆነ። በ1973 በጡረታ ቢገለልም ከሳይንሱ ዓለም አልራቀም። በመጨረሻም በ2004 በ98 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ተከታዮቹ ግን አልረሱትም። የጨጓራ ሕዋሳትን የዘር መልእክት ለመመዝገብ ብዙ አገሮች የተባበሩበት ሥራ በስሙ የተሰየመ ሲሆን፣ በ2018 የ500 ያህል ሕዋሳት መዝገብ ለዓለም ይፋ ሆኗል።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይፈይዳል? ሀንጌት ምርምሩን ሲጀምር ያነሣሣው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ማሰብ አልነበረም። በዚያን ዘመን ሚቴን የሚታየው እንደ መኖ ብክነት ነበር። ዛሬ ግን ጉዳዩ ሁለት ፊት እንዳለው እናውቃለን። ሚቴን ወደ አየር ከወጣ በኋላ ለ12 ዓመት ያህል ይቆያል፤ በ100 ዓመት ሲሰላ የሙቀት አማቂነቱ ክብደቱ እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ28 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት ያላት አገር ናት። በ2011 ይፋ የሆነው የአገሪቱ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት እንደገመተው፣ በ2010 ከወጣው 150 ሚሊዮን ቶን ሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ 65 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ከእንስሳት እርባታ የመጣ ነበር።

ይህን ሰምቶ ከብት ጠላት ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በሬው የገበሬው ማረሻ ጎታች፣ ላሟ የሕፃናት ወተት ምንጭ ናት። የዓለም ሙቀት የጨመረውም በአብዛኛው በባለጸጋ አገሮች ፋብሪካና መኪና ምክንያት ነው። ቢሆንም በድርቅ የሚጎዳው የስምጥ ሸለቆው አርብቶ አደር ነው። ደግሞም በግሳት የሚወጣው ጋዝ የገበሬው ሀብት ነው። ከመቶ ሸክም መኖ ኃይል ውስጥ የስድስት ሸክም ያህሉ ወተትም ሥጋም ሳይሆን በነፋስ ይሄዳል ማለት ነውና። ስለዚህ ብክነቱን መቀነስ ለአየሩም ለገበሬውም ይጠቅማል።

መንገዱንም ያሳየን የሀንጌት ትምህርት ነው። ላሟን ለመርዳት በጨጓራዋ ያሉትን ሕዋሳት በሚገባ መመገብ ይገባል። ደረቅ ጭድ ብቻ የምትበላ ላም መኖው ቶሎ አይፈጭላትም፤ ወተቷ ትንሽ ስለሚሆን ለአንድ ሊትር ወተት የምታወጣው ሚቴን ይበዛል። ጭዱ በዩሪያ ሲታከም ግን ይለሰልሳል፤ ሕዋሳቱም የሚጎድላቸውን ናይትሮጅን ያገኛሉ። የተለመደው አሠራር ለ100 ኪሎ ጭድ 4 ወይም 5 ኪሎ ዩሪያ በውኃ አሟሙቶ መርጨትና ለ3 ሳምንት ያህል አፍኖ ማቆየት ነው። ከመጠን ያለፈ ዩሪያ ከብትን ስለሚገድል ሥራው በባለሙያ ምክር መሠራት አለበት። ፋጉሎ፣ ፉርሽካና ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው ሞላሰስም ለዚሁ ዓላማ ይውላሉ። በባቱ አቅራቢያ በሚገኘው በአዳሚ ቱሉ የግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ከብት እርባታና ስለ መኖ ጥናት ይካሄዳል። በ1974 በአዲስ አበባ የተቋቋመውና በ1990ዎቹ አጋማሽ በናይሮቢ ከነበረው የከብት በሽታ ምርምር ተቋም ጋር የተዋሐደው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ድርጅትም በዚሁ መስክ ይሠራል። በሌላው ዓለም ደግሞ ሚቴን ሠሪውን ሕዋስ ራሱን ለመግታት ጥረት ይደረጋል። ሀንጌት ባስተማረበት በዴቪስ ዩኒቨርሲቲ በ2021 የወጣ ጥናት፣ ለሥጋ በሚደልቡ ወይፈኖች መኖ ላይ ጥቂት ቀይ የባሕር አረም ቢጨመር ግሳታቸው የሚይዘው ሚቴን ከ80 በመቶ በላይ ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። ባሕር ለሌለው አርቢ ይህ ለጊዜው ሩቅ ነገር ነው፤ የተሻለ መኖ ግን በደጁ አለ።

ተማሪዎች ሆይ! ሀንጌት በትልቅ መሣሪያ ወይም በብዙ ገንዘብ ሳይሆን በብርጭቆ ቱቦ፣ በጋለ መዳብና በትዕግሥት ሰው ያላየውን ዓለም አየ። ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረውን የከብት ግሳት ጠይቆ መረመረ። የገዛ ራሱን ግኝት ሳይቀር በቁጥር መዘነ። ነገ ከእናንተ መካከል አንዱ ወይም አንዷ በአዳማ የከብት ተራ የሚታየውን ነገር በዚህ ዓይነት አትኩሮት ቢመለከት፣ የአርሲው በሬና የቦረናው ላም ጥቂት በልተው ብዙ የሚሰጡበትን ዘዴ የማያገኝበት ምክንያት የለም።

ሐ. የቃላት ፍች

ማመስኳት፦ የዋጡትን መኖ ወደ አፍ መልሶ ማላመጥ
ረቂቅ ሕዋስ፦ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ሕይወት ያለው ነገር
ተበረዘ፦ ውኃ ተጨምሮበት ቀጠነ
ውታፍ፦ የጠርሙስ ወይም የቱቦ መዝጊያ
ፋጉሎ፦ የቅባት እህል ተጨምቆ የሚቀር ዝቃጭ

መ. የምንባቡ ጥያቄዎች

1. ሀንጌት በምስጥ ላይ ያደረገው ጥናት ለከብት ምርምሩ እንዴት ጠቀመው?
2. የጨጓራ ሕዋሳትን በክፍት ሳህን ላይ ማራባት ያልተቻለው ለምንድን ነው?
3. በ1944 ያገኘው ባክቴሪያ ያላረካው ለምን ነበር? ከዚህስ ምን ትማራላችሁ?
4. ሚቴን ሠሪው ሕዋስ ለጨጓራው የሚሰጠው ጥቅምና የሚያስከትለው ጉዳት ምንድን ነው?
5. የምንባቡ ጸሐፊ ከብት ጠላት አይደለም ለማለት ያቀረባቸውን ምክንያቶች በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ።

ሠ. ሰዋስው

የሚከተሉትን ግሦች ከአድራጊ ወደ ተደራጊ ለውጡና እያንዳንዳቸውን በዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ ለየ፣ ፈጨ፣ መዘነ፣ ቆጠረ፣ ገለጸ።

ረ. ድርሰት

በሠፈራችሁ ከብት የሚያረባ አንድ ሰው ጠይቃችሁ ከብቶቹን በበጋና በክረምት ምን እንደሚቀልብ፣ በየወቅቱ የሚታለበው ወተት እንዴት እንደሚለያይ ተረዱ። ከዚያም ባገኛችሁት መረጃ ላይ ተመሥርታችሁ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው የአንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ።